ቅሽር ወይስ ጀንፈል? የአንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ታሪክና የሊሙ ገነት ትምህርት

«የመሐንዲስ ሙያ የቁጥር ሙያ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ቁጥር ብቻውን አይቆምም። «አምስት መቶ ኪሎ በሰዓት» ብሎ የጻፈ ሰው የምን አምስት መቶ ኪሎ እንደሆነ ካልገለጸ ገና ምንም አልተናገረም። ቁጥሩን የሚሸከመው ቃል ነው፤ ቃሉ ከተንጋደደ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢስተካከል ሥራው ይንጋደዳል። ይህን ለሙያ ባልደረቦቼ የማነሣው ከመጽሐፍ ባገኘሁት ጥበብ ተመክቼ ሳይሆን በገዛ እጄ በሠራሁት ስሕተት ተምሬ ነው። የስሕተቱም መነሻ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ግሥ ነበር፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ሃል» ይባላል። ትርጓሜውም የፍሬን ቅርፊት ወይም ገለፈት ማውለቅ ማለት ነው።

ታሪኩ የተፈጸመው ከጅማ ከተማ በስተሰሜን በምትገኘው በሊሙ ገነት አካባቢ ነው። አገሩ የቡና አገር መሆኑን ለአንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ «ሊሙ» የሚለው ስም በዓለም የቡና ገበያ ዘንድ ራሱን የቻለ የቡና ዓይነት መጠሪያ ነውና። በዚያ አካባቢ የሚገኝ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የደረቀ ቡናውን በራሱ መኪና ለማዘጋጀት አስቦ፣ የመኪናውን መጠን እንድመርጥለትና የመትከያ ቤቱን ንድፍ እንድሠራለት ጠየቀኝ። የማኅበሩ ፍላጎት በሰዓት ዐሥር ኩንታል ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ ማስተናገድ ነበር። የመኪናው መግለጫ ወረቀት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን ችሎታው «በሰዓት አምስት መቶ ኪሎ ሃልድ ቡና» እንደሆነ ይናገራል። እኔም «ሃልድ» የሚለውን ቃል «ገለፈት ያለው» ብዬ ተረጎምሁት። አንዱ መኪና በሰዓት የሚያስተናግደው አምስት ኩንታል ጀንፈል ብቻ ከሆነ ለዐሥር ኩንታል ሁለት መኪና ያስፈልጋል። ስሌቱ ትክክል ነበረ። ማኅበሩም አባላቱ ከትርፍ ድርሻቸው ባዋጡት ገንዘብ ሁለት መኪና ገዛ፤ ለሁለት የሚበቃ መሠረት ተጣለ፤ ለሁለት ሞተር የሚበቃ የኤሌክትሪክ መሥመር ተዘረጋ።

የሙከራው ዕለት ዐሥር ኩንታል ጀንፈል ተመዝኖ ቀረበ። በመጀመሪያው መኪና ብቻ እንዲጀመር ተደረገ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዐሥሩም ኩንታል አለቀ፤ ከሥር የወጣው ንጹሕ ቡና ሲመዘን ወደ አምስት ኩንታል ሆነ። በሥራው የሸበቱ አንድ የመኪና ሠራተኛ ሚዛኑን አይተው፣ ወረቀቱን በእጄ አይተው፣ በትሕትና ጠየቁኝ።

«ኢንጂነር፣ ወረቀቱ አምስት መቶ የሚለው ቅሽሩን ነው ወይስ ጀንፈሉን?»

«ጀንፈሉን ነው፣ አባቴ» አልኋቸው።

«እንግዲያው መኪናዋ ወረቀቱን አላነበበችም ማለት ነው፤ አምስት መቶውን የሰጠችን በቅሽር ነው» አሉኝ።

በዙሪያችን የቆሙት ሁሉ ሣቁ፤ እኔ ግን መሣቅ አልቻልሁም። ሁለተኛው መኪና ከነቅባቱ እንደቆመ ቀረ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው በእኔ እጅ ተፈጸመ። ሽማግሌው የጠየቁኝን ጥያቄ ከወራት በፊት ራሴን ጠይቄው ቢሆን ኖሮ የማኅበሩ ገንዘብ በኪሱ በቀረ ነበር።

እንግዲህ የተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ይሳሳታል? ማመካኛ አይሁንብኝ እንጂ ስሕተቱ መነሻ ነበረው። «ሃልድ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያነበብሁት ስለ ስንዴ በተጻፈ የእርሻ መጽሐፍ ውስጥ ነው። በዚያ «ሃልድ ስንዴ» ሲባል ሲወቃም እንኳ ገለባው ከፍሬው የማይላቀቅ ጥንታዊ የስንዴ ዘር ማለት ነው። በእኛም አገር በባሌና በአርሲ የሚዘራውና አጃ የሚባለው የስንዴ ዘር ከነዚህ አንዱ ነው። በሌላ በኩል «ሃልድ ሩዝ» ወይም «ሃልድ ቡና» ሲባል ገለፈቱ የወለቀለት ማለት ነው። አንዱ ቃል በአንዱ መጽሐፍ «ልብሱን የለበሰ»፣ በሌላው «ልብሱን ያወለቀ» ሆኖ ይገኛል። የቱ እንደሆነ የሚለየው በአጠገቡ ባለው እህል ስም እንጂ በቃሉ መልክ አይደለም።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የግሡን ታሪክ ጥቂት መመልከት ያስፈልጋል። «ሃል» በመጀመሪያ ስም ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሁሉ» ይባል ነበር፤ ከእኛ «ሁሉ» ጋር ዝምድና የለውም፤ ገለባ ወይም ቅርፊት ማለት ነው። ሥሩም መሸፈን፣ መሰወር ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው። ከዘመናት በኋላ፣ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ፣ ከስሙ ግሥ ወጣ። እንግሊዞች የአንድን ነገር ሽፋን ስም ወስደው ያለ ምንም ለውጥ ግሥ ሲያደርጉት ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ያንን ሽፋን ማንሣት ይሆናል። ቅርፊት ብለው ማቅርፈት፣ ቆዳ ብለው መግፈፍ፣ አቧራ ብለው አቧራ ማራገፍ ይላሉ። «ሃል» የሚለውም በዚሁ ሥርዓት ገለፈት ከማለት ገለፈት ማውለቅ ወደ ማለት ተሻገረ።

በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስንማር መምህሮቻችን በቃል ያስጠኑን የነበረው ሥርዓት የማይጠብቁትን ግሦች ነው። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያልን ስንደጋግም እነዚህ ብቻ አስቸጋሪ እንደሆኑ፣ የቀሩት ግን መጨረሻቸው ላይ «-ድ» ጨምረን እንደምንገላገላቸው አምነን አደግን። «ሃል» ከነዚህ ሥርዓት ጠባቂዎች አንዱ ነው። ለአሁኑ ጊዜ «ሃል»፣ ላለፈው «ሃልድ»፣ ለተደራጊው ቅጽልም እንደገና «ሃልድ» ይላል። ወጥመዱ ያለው በዚህ ቀላል በሚመስለው «-ድ» ላይ ነው፤ በእንግሊዝኛ ይህች ምዕላድ ሁለት ሥራ ትሠራለችና። አንደኛ፣ በግሥ መጨረሻ ስትመጣ ድርጊቱ እንደተፈጸመ ትናገራለች። ሁለተኛ፣ በስም መጨረሻ ስትመጣ ያ ነገር ያለው ማለት ትሆናለች፤ ቀንድ ከሚለው ስም ቀንዳም፣ ጢም ከሚለው ጢማም እንደሚባለው ማለት ነው። ስለዚህ «ሃልድ» የሚለው ቃል ከግሡ የተወለደ እንደሆነ ገለፈቱ የወለቀለት ይሆናል፤ ከስሙ የተወለደ እንደሆነ ደግሞ ገለፈታም ይሆናል። ሁለቱ በጽሕፈትም በአነጋገርም አንድ ናቸው።

አማርኛ ሁለቱን በየራሳቸው በር ያስገባቸዋል። ያለው ለማለት «-ኣም» የሚለውን ምዕላድ በስሙ ላይ ይጨምራል፤ የተደረገበት ለማለት ግን ግሡን ራሱን ይለውጠዋል። «ቀንዳም» ያለ ሰው ቀንዱ የተቆረጠ በሬ ማለቱ እንደሆነ የሚጠራጠር አማርኛ ተናጋሪ የለም።

«ሃል» በዚህ ብቻውን አይደለም፤ በቡና መኪና ቤት ውስጥ ወንድም አለው። እሸት ቡና ተለቅሞ እንደመጣ ሥጋውን ከፍሬው የሚለየውን ሥራ እንግሊዞች «ፐልፕ» ይሉታል። ስሙ ሥጋ፣ ልቁጥ ማለት ነው፤ ግሡም ለቡና ሲነገር ሥጋውን ማስወገድ ይሆናል። ነገር ግን ይኸው ግሥ በወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሲነገር እንጨቱን ወደ ልቁጥነት መለወጥ ማለት ነው። በአንዱ ሙያ የሚጣለው በሌላው ሙያ የሚፈለገው ሆነ። እንግዲህ ከወረቀት ፋብሪካ ወደ ቡና ማጠቢያ የተዛወረ መሐንዲስ መጽሐፉን ሲያነብ መጠንቀቅ አለበት።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። እርሳቸው በአንድ ትንፋሽ የለዩትን ነገር የእንግሊዝኛው መግለጫ ሊለይልኝ አልቻለም። «ቅሽር» እና «ጀንፈል» የሚሉት ሁለት ቃላት ባለቤታቸው የቡና ንግድ ነው። የ«ቅሽር» ታሪክም ከ«ሃል» ታሪክ ጋር ሲነጻጸር የሚያስደንቅ ሆኖ ይገኛል።

ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው። በዐረብኛ «ቀሸረ» ላጠ፣ ቅርፊቱን አወለቀ ማለት ሲሆን «ቂሽር» የሚለው ስም ደግሞ ቅርፊት ማለት ነው። በየመን እስከ ዛሬ ቂሽር የሚባለው ከቡና ገለፈት የሚፈላ መጠጥ ነው። ይህ ቃል ወደ ቡና አገራችን ለመድረስ የሚያስችለው መንገድ ሰፊ ነበረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሊሙ እናርያ መንግሥት ገናና በነበረ ጊዜ፣ ከ1825 እስከ 1861 እ.አ.አ. በነገሡት በአባ ባጊቦ ዘመን፣ የሰቃ ገበያ ከደቡብ ምዕራቡ አገር ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በ1843 እ.አ.አ. ወደዚያ ደርሶ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅና ቡና፣ በዚያ ክፉ ዘመንም ሰው ጭምር፣ በሲራራ ነጋዴዎች እጅ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ባሶ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይጓዝ ነበር። ነጋዴዎቹ በብዛት ሙስሊሞች ነበሩ፤ ዐረብኛ የሃይማኖታቸው ቋንቋ፣ ከባሕሩ ወደብ ጋርም የሚያገናኛቸው ልሳን ነበር። በኋላም ከ1878 እስከ 1932 እ.አ.አ. በጅማ በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከሩቅም ከቅርብም ነጋዴ የሚሰበስብ ሆነ። ከዕቃው ጋር የዕቃው ቃል ይጓዛል።

ቃሉ ወደ አማርኛ ሲገባ ግን እንግዳ ሆኖ አልተቀመጠም። ሦስቱ ተነባቢዎቹ ከአማርኛ ግሥ ቤት ጋር ስለሚስማሙ እንደ አገሬው ግሥ ተረባ። ቀሸረ፣ ይቀሽራል፣ ቀሽሮ፣ ይቀሽር፣ መቀሸር ይላል። በተደራጊው ተቀሸረ፣ ይቀሸራል ይሆናል፤ በአስደራጊው አስቀሸረ፣ ያስቀሽራል ይባላል። ሠሪው ቀሻሪ፣ መሣሪያው መቀሸሪያ፣ ሁኔታው አቀሻሸር፣ የሥራው ውጤት ቅሽር ይባላል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በዐረብኛ ቅርፊቱ የነበረው ስም በእኛ ዘንድ ቅርፊቱ የወለቀለት ፍሬ መጠሪያ ሆነ። ትርጉሙ ተገለበጠ ሊባል ይችላል፤ ግን በዘፈቀደ አልተገለበጠም። አማርኛ አተርን ከካ ብሎ «ክክ» እንደሚል፣ ዘርን መረጠ ብሎ «ምርጥ» እንደሚል፣ ቡናንም ቀሸረ ብሎ «ቅሽር» አለ። ቃሉ በአማርኛ የግሥ ቤት ውስጥ ሲያልፍ ትርጉሙን ከቤቱ ሥርዓት አገኘ። የወለቀው ነገር ደግሞ «ገለፈት» የሚል የራሱ ስም አለው፤ ገና ያልተቀሸረው «ጀንፈል» ይባላል። ሦስት ነገር፣ ሦስት ስም። በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል ዙሪያ የተዛባው ነገር በቡና ገበያችን የሚምታታበት ምክንያት የለም።

ገበያው ይህን ያህል የተጠነቀቀው ለሰዋስው ፍቅር ሲል አይደለም። ሁለት ኩንታል ጀንፈል ሲቀሸር የሚገኘው ወደ አንድ ኩንታል ቅሽር ነው። አንድ ኪሎ ቅሽር ለማግኘት ደግሞ ወደ ስድስት ኪሎ እሸት ቡና መልቀም ያስፈልጋል። ስለዚህ «አንድ ኩንታል ቡና ሸጥሁ» የሚል ገበሬ የትኛውን እንደሆነ ሳይለይ ቢዋዋል የልፋቱን ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ በአንድ ቃል ያጣል። ቃሉን የሳለው ሚዛኑ ነው።

መኪናው ሲመጣም ቃሉ አልተናወጠም። ጥንት ቡና የሚቀሸረው በሙቀጫና በዘነዘና ነበር። በ1880ዎቹ እ.አ.አ. ኤቫሪስቶ ኮንራዶ ኤንግልበርግ የተባለ ብራዚላዊ የቡና መቀሸሪያ መኪና ፈለሰፈ፤ መኪናውም በኒው ዮርክ ግዛት በሲራኪውስ ከተማ እየተሠራ በስሙ ተጠርቶ ወደ ብዙ የዓለም ክፍል ተሠራጨ፤ በእስያም ለሩዝ አገልግሎት ዋለ። ሥራው ከዘነዘናው ጋር በመሠረቱ አንድ ነው፤ በሚሽከረከር የብረት በርሜልና በወንፊት መካከል ፍሬው እየተፋተገ ገለፈቱን ይለቅቃል። መሣሪያው ተለወጠ፤ ድርጊቱ ግን ያው ስለሆነ ግሡም ያው ሆኖ ቀጠለ።

በመኪና ቤቶቻችን ያለውን አነጋገር ያስተዋለ ሰው አንድ ሥርዓት ያገኝበታል። የዕቃው ስም ብዙውን ጊዜ ጣልያንኛ ነው፤ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን ይባላል። ግሡ ግን የእኛው ነው፤ ቡሎን ይጠብቃል፣ ዳዶ ይፈታል፣ ጎማ ይነፋል። ሠራተኛው ከባዕድ የሚበደረው ስሙን ነው፤ እጁ የሚሠራውን ሥራ የሚናገረው በገዛ ግሡ ነው። ግሥ ሲበደርም እንደ «ቀሸረ» አርብቶ የራሱ አድርጎ ነው።

የታጠበ ቡና ዝግጅት በአገራችን በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሲስፋፋም ይኸው ሥርዓት ተደገመ። ያን ጊዜ ባዕድ የሆነው «ፐልፕ» የሚለው ግሥ ከመኪናው ጋር አብሮ መጣ። ሠራተኛው ግን ከማሳው «ፈለፈለ» የሚለውን ቃል አመጣ። ይህ ግሥ በቆሎን ከቆረቆንዳው፣ ባቄላን ከእሸቱ ለማላቀቅ ሲነገር የኖረ ነው፤ ዶሮም ጫጩት ትፈለፍላለች፤ አለትንም ውስጡን ቦርቡሮ ቤት ያደረገ ጠቢብ አለቱን ፈለፈለ ይባላል። ከሸፈነው ነገር ውስጥ የተሸሸገውን ማውጣት የሁሉም የጋራ ሐሳብ ነው። ስለዚህ እሸት ቡና ይፈለፈላል፤ የደረቀ ቡና ይቀሸራል። ሁለት መኪና፣ ሁለት ሥራ፣ ሁለት ግሥ። በአንዳንድ አፍ ሁለቱ ሲደባለቁ ቢሰማም፣ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሲለያቸው ይሰማል።

ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን ስንመለስ ግን የምናየው ሌላ ነው። በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት በአሜሪካኖች እርዳታ በ1952 እ.አ.አ. ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ የቡና ሳይንስ የተጻፈውም የተነገረውም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ረገድ የምናማርርበት ምክንያት የለም፤ ዕውቀቱ የተገኘው በዚያ በር ነውና። ችግሩ እኛ ተመራቂዎቹ ወደ አማርኛ ስንመለስ ግሡን ሳናረባ «ሃል ይደረጋል»፣ «ፐልፕ ተደርጎ» እያልን መጻፋችን ነው። «አደረገ» የሚለው ግሥ ሁሉን ተሸካሚ አህያ ነው፤ የተጫነበትን አይመርጥም። «ሃል የተደረገ ቡና» ብለን ስንጽፍ የእንግሊዝኛውን አሻሚነት ወደ አማርኛ እናጓጉዛለን እንጂ አንፈታውም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አሳትሟል፤ ይህን የመሰለ ድካም የሚመሰገን ነው። መዝገበ ቃላት ግን ቃሉን በመደርደሪያ ያኖረዋል እንጂ ሥራ ላይ አያውለውም፤ ሥራ ላይ የሚያውለው ውል፣ ንድፍና መመሪያ የሚጽፍ ባለሙያ ነው።

አንድ የተውሶ ግሥ በእውነት የእኛ ሆኗል የሚባለው መቼ ነው? እኔ የማቀርበው መመዘኛ ቀላል ነው፤ በአስደራጊው ሲረባ እንይ። «ቀሻሪ» ያልን እንደሆነ መኪናውን የሚያሠራው ሰው ነው፤ «አስቀሻሪ» ያልን እንደሆነ ቡናውን አምጥቶ ዋጋ የሚከፍለው ገበሬ ነው። በሁለት ፊደል ልዩነት ሁለት የውል ወገኖች ተለዩ። ይህን ማድረግ የሚችል ግሥ ውል ሊጻፍበት ይችላል፤ ክርክር ቢነሣም ሊዳኝበት ይችላል። ይህን የማይችል የተውሶ ቃል ግን እንግዳ ነው፤ እንግዳን ደግሞ ለምስክርነት አንጠራውም።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ የማሳስበው ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ በቡና መኪና መግለጫ ላይ የተጻፈ የክብደት ቁጥር ሁሉ የሚገባውን ነው ወይስ የሚወጣውን ብለን ሳንጠይቅ ወደ ስሌት አንግባ። ሁለተኛ፣ ለማኅበራትና ለሠራተኞች በምንጽፈው መመሪያ እሸት፣ ጀንፈል፣ ቅሽር የሚሉትን ስሞች፣ ፈለፈለ፣ አጠበ፣ ቀሸረ የሚሉትን ግሦች በየቦታቸው እንጠቀም፤ አዲስ ቃል ለመፍጠር ከመነሣታችን በፊት በመኪና ቤቱ ያለውን እንስማ። ሦስተኛ፣ የእንግሊዝኛ ቃል ሥርዓት ጠባቂ በመሆኑ አንታለል፤ የሚያስተው የታወቀው አስቸጋሪ ግሥ ሳይሆን ማንም የማይጠረጥረው ቀላሉ ነው።

የዚያ ማኅበር ሁለተኛ መኪና ሁለት የምርት ዘመን ያህል እንደቆመ ከረመ፤ በኋላ ለሌላ ማኅበር በኪራይ ተሰጥቶ ከወጪው ጥቂቱን መለሰ። የቀረውን የሚመልሰው የለም። አባላቱ በእኔ ላይ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ይህም ከወቀሳ ይልቅ ከብዶኛል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ንድፍ በጀመርሁ ቁጥር፣ ጉዳዩ ቡና ሆነም ውኃ ወይም ሲሚንቶ፣ በወረቀቴ ራስጌ ላይ ከማናቸውም ቁጥር በፊት የሽማግሌውን ጥያቄ እጽፈዋለሁ፦ ቅሽሩን ነው ወይስ ጀንፈሉን?